ሰውነት ያለው ወይን

ጥር 12 ቀን፣ ማታ። የሚካኤልን ታቦት ከጃንሜዳ ሸኝተን፣ ጫማችን አቧራ ጠጥቶ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ካለችው የአክስቴ ቤት ተሰብስበናል። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ነው፤ ውሃው ወይን ጠጅ የሆነበት። ለጥምቀት ከካሊፎርኒያ የመጣው የአክስቴ ልጅ ይህን አጋጣሚ በዋዛ ሊያሳልፈው አልፈለገም። ሻንጣውን ከፈተ፤ በሦስት ሹራብ የተጠቀለለ አንድ ጠርሙስ አወጣ፤ አራስ ልጅ እንደታቀፈ ሰው በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይኼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፉል ቦዲ ነው።»

አክስቴ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። «ምን አልከኝ?»

«ፉል ቦዲ፣ እማዬ። ማለት... ሙሉ ሰውነት ያለው ወይን።»

አክስቴ ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ደንዳና፣ ቂጡ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከባድ ጠርሙስ ነው።

«እውነትም ተመችቶታል» አለች።

ጥፋቱ የትርጉም ነው። የጠላ አገር ሰው ለዚህ ነገር ቃል አጥቶ አያውቅም። ጠላው ወፍራም ነው ይባላል፤ ቀጭን ነው ይባላል፤ መልካሙ ካለቀ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ደግሞ ቅራሪ ነው፤ ለልጆችና ቶሎ እንዲሄድ ለሚፈለግ እንግዳ ይቀዳል። ፈረንጅ «ሰውነት» የሚለው ይህንኑ ነው፤ መጠጡ አፍ ውስጥ ሲገባ ምላስ ላይ የሚያርፈው ክብደት። ክብደቱ በአብዛኛው ከአልኮሉ ይመጣል፤ ከፍሬው ልጣጭ የወጣው ነገርና ሳይፈላ የቀረው ስኳርም ያግዙታል። የኛው ጠርሙስ 15 በመቶ ይላል። ቢራ 5 በመቶ ገደማ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይኼ ሰውነት ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አለበት።

«ደግሞ ብሌንድ ነው» አለ ልጁ፣ በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን እያነበበ። «አንድ ዓይነት ወይን ብቻ አይደለም። የሦስት ዓይነት ወይን ቅልቅል ነው።»

የአክስቴ ፊት ተለወጠ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለምታስተዳድር ሴት «ቅልቅል» የሚለው ቃል ጥሩ ወሬ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ቅቤው በሙዝ፣ ማሩ በስኳር፣ በርበሬው በሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ የሚሸጥበት ከተማ ነው።

«በምን ቀላቀሉት?» አለች። «ሲሸጡልህ ነግረውህ ነው ወይስ ኋላ ነው የደረስክበት?»

«ጽፈውታል እኮ፣ እማዬ! ይኸው!»

«ጽፈው?» ሌባ ደረሰኝ ቆርጦ ሲሰጥ ያየች መሰለች።

ነገሩን ላበርድ ብዬ ገባሁበት። በፈረንሳይ አገር ቦርዶ የሚባል ወይን አብቃይ ምድር አለ፤ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው ፍሬ እዚያ ልጣጨ ወፍራም፣ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ኮስታራ ነው። መርሎ የተባለው ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ጠባዩም ለስለስ ያለ ነው። ዝናቡ አንዱን ቢያበላሸው ሌላው ይተርፋል፤ ሁለቱም ከተረፉ ኮስታራውን በለስላሳው አግባብተው ያጠጣሉ። የትግራይ ገበሬ ስንዴና ገብስ አደባልቆ ሐንፈጽ የሚዘራው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ አያሳፍርም፣ ቢበቃ ስንዴው ይክሳል። ይህን ሁሉ ተናግሬ አክስቴ ዓይኗን ከጠርሙሱ አላነሳችም። በመጨረሻ «በቃ፣ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ማለት ነው» አልኳት።

«ታዲያ ሰርገኛ ነው አትሉኝም!» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ልዩነቱ ይህች ብቻ ናት። እኛ ሰርገኛ ጤፍ ስንገዛ ዋጋ ቀንሱልን ብለን እንከራከራለን፤ እነሱ ሰርገኛውን ጠርሙስ ውስጥ ከተው ዋጋ ይጨምሩበታል።

ቀጥሎ ሙቀት ላይ ክርክር ተነሳ። ልጁ «ቀይ ወይን የሚጠጣው በክፍል ሙቀት ነው» እንዳለ አክስቴ ጠርሙሱን ብድግ አድርጋ ከጀበናው ጎን፣ ከከሰሉ ዳር አስቀመጠችው። አልፈርድባትም፤ ክፍሉ ሙቀት የለውማ። ሰፈራችን ጉለሌ ከ2500 ሜትር በላይ የተሰቀለ ነው፤ በጥር ማታ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በር አያንኳኳም። ልጁ ጠርሙሱን ከእሳት ሲያተርፍ እጁ ተንቀጠቀጠ። ለነገሩ ምክሩ የወጣው የአውሮፓ ቤት ድንጋይ፣ ማሞቂያውም አንድ ምድጃ በነበረበት ዘመን ነው፤ 16፣ ቢበዛ 18 ዲግሪ ለማለት ነው። ይህ ደግሞ የአክስቴ ሳሎን ሙቀት ነው። መሐል ከተማ ያሉ አስተናጋጆች ቀዩን ወይን ከቢራ ፍሪጅ እያወጡ ጥርስ የሚያንገጫግጭ አድርገው ሲያቀርቡ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማውን ሙሉ የወይን ጓዳ ሆኖ ያለ ሥራ ተቀምጧል። እስካሁን ባለሀብት አልደረሰበትም።

ጠርሙሱ ይከፈት ሲባል መክፈቻ የለም። ሰውየው ብርጭቆ መጥረጊያ ጨርቅ ሳይቀር ከካሊፎርኒያ አምጥቶ መክፈቻውን ረስቶታል። ጎረቤታችን ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ብሎንና ፒንሳ ይዘው መጡ። ብሎኑ ቡሹ ውስጥ ገባ፤ ፒንሳው ጎተተ፤ የቡሹ ግማሽ ወጣ። ግማሹ ወደ ውስጥ ወርዶ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። አክስቴ የሻይ ማጥለያ አመጣች። ባለ ወይኑ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ ኋላ ራሱን አጽናና። «ግድ የለም፣ በማጥለያ ሲወርድ አየር ያገኛል። አየር ሲያገኝ ይከፈታል» አለ።

«አሁን ምን ስናደርግ ነበር?» አሉ ጋሼ፣ ፒንሳቸውን እያዩ።

ብርጭቆ ከቡፌው ወጣ። የአዲስ አበባ ቡፌ ውስጥ ያለ ብርጭቆ ለመታየት እንጂ ለመጠጣት አይደለም፤ ስድስቱም አፋቸው ላይ የወርቅ ቀለም አላቸው፣ አንዳቸውም ፈሳሽ ነክቷቸው አያውቅም። ጋሼ «ለኔ ብርሌ» አሉ። ልጁ የወይን ብርጭቆ ለምን ሆዱ ሰፍቶ አፉ እንደሚጠብ፣ ሽታው እንዳይበተን ታፍኖ ለአፍንጫ እንደሚቀርብ በሰፊው አስረዳ። ጋሼ ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት፤ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ ጠባብ። የጎደላት ነገር ቢኖር አፍንጫ አታስገባም። የሠሯት ሰዎች ከአፍንጫ ይልቅ ዝንብን ያሰቡ ይመስለኛል።

«ማን ይቅመስ?» የሚለውም ያለ ክርክር አላለፈም። በፈረንጁ ደንብ ወይን ያዘዘው ጌታ ትንሽ ተቀድቶለት ይቀምሳል፤ ጥሩ ነው ካለ ለእንግዶቹ ይቀዳል። አንድ ጊዜ መሐል ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ አብረን የገባን ወዳጄ ይህን ባለማወቁ፣ አስተናጋጁ ሁለት ጣት ቀድቶለት ቆሞ ሲጠብቅ፣ «ሙላው እንጂ ልጄ፣ ምን ትሰስታለህ!» ብሎት ነበር። በኛው ደንብ ግን ቀድሞ የሚቀምሰው አሳላፊው ነው፤ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ይልና ለጌታው ያቀርባል። እዚያ የሚቀመሰው ወይኑ ኮምጥጦ እንዳይሆን ነው፤ እዚህ መርዝ እንዳይኖርበት። አያቶቻችን ስለ መጠጥ የነበራቸው ሥጋት ከኛ በጣም የጠና እንደነበር ልብ ይሏል። ከአክስቴ ቤት ዳገቱን ቀጥ ብለው ቢወጡ እንጦጦ ማርያም ይደርሳሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗ ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር ዛሬም የሚወራለት፣ ጠጅ እንደ ክረምት ጎርፍ የፈሰሰበት ነው። እዚያ ግብር ላይ ብርሌውን አሽከርክሮ «ሁለተኛው ሽታ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ መኮንን ቢኖር ኖሮ፣ ጸሐፌ ትእዛዙ ሳይመዘግበው አይቀርም ነበር።

እኛ ግን አሽከረከርን። ልጁ የብርጭቆውን እግር በሁለት ጣት ይዞ፣ ከጠረጴዛ ላይ ሳያነሳ፣ ክብ በክብ አዞረው፤ ወይኑ ሳይፈስ እንደ ባሕር ማዕበል ዞረ። ቀላል ይመስላል። የእህቴ ልጅ ሞከረች። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ የሷ ለጥምቀት ሆኖ ነበር። ከዚሁ ከሽሮ ሜዳ ተለክቶ የተሰፋ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ላይ፣ ከደረቱ ጥለት ዝቅ ብሎ፣ ሙሉ ሰውነት ያለው ወይን ሙሉ ሰውነቱን ዘረጋ። ጨው ተነሰነሰ፤ አምቦ ውሃ ፈሰሰበት፤ ምክር ዘነበ። ነጩ ቀሚስ ከዚያ ማታ ጀምሮ የቤት ቀሚስ ሆኗል።

«አሁን ብርጭቆውን አያችሁት? እንባ አውጥቷል» አለ ልጁ፣ ከቀሚሱ ላይ ዓይናችንን ለማንሳት። እውነትም በብርጭቆው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀጫጭን ጅረቶች ወደ ታች ይወርዳሉ። እንባው የበዛ ወይን የበለጠ ምርጥ ነው ተብሎ ይታመናል፤ እኔም እስከዚያች ማታ አምን ነበር። ነገሩ የፊዚክስ ነው። ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈው ስስ ፈሳሽ ውስጥ አልኮሉ ቀድሞ ይተናል፤ የቀረው ውሃ የበዛበት ፈሳሽ የመሳብ ጉልበቱ ከፍ ስለሚል ከታች ያለውን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ሲከብደው ተንጠባጥቦ ይወርዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ ካርሎ ማራንጎኒ ስሙን የተወለት ክስተት ነው። እንባው የሚናገረው ስለ አልኮሉ ብዛት ነው፤ ስለ ጥራቱ አንዳች አይልም። በዚህ ዓይነት ካቲካላም አልቃሻ ነው።

ከዚያ አፍንጫ ገባ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ዘርዘር አደረገ፤ ብላክቤሪ፣ ጥቁር ቼሪ፣ ትምባሆ፣ ቆዳ፣ የዝግባ ሣጥን። እኛ በየተራ አሸተትንና በየተራ ራሳችንን ነቀነቅን። ከመሀላችን ብላክቤሪ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም። ቆዳን ግን እናውቃለን፤ ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ የኖረ የከተማችን ሰው «የቆዳ ሽታ አለው» ሲባል ብርጭቆውን ያስቀምጣል እንጂ ዓይኑን አይጨፍንም።

ጋሼ ግን ብርሌያቸውን ቀምሰው ቆዩና «አጋም ነው» አሉ።

«ምን?»

«አጋም። በልጅነታችን እየለቀምን የምንበላው። ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ ኋላ አፍ የሚይዝ።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንድ ባለ ቀለም ክብ ሠንጠረዥ ከፈተ፤ የወይን ሽታዎች በሙሉ በየጎራቸው ተመድበው የተደረደሩበት። አን ኖብል የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ነው። አናናስ አለ፤ ቅቤ አለ፤ ጥቁር በርበሬ አለ፤ እርጥብ ውሻ የሚል ሽታም ዓለም ላይ ባሉ ቀማሾች አንደበት አይጠፋም። አጋም የለም። ቀጋም የለም። «የለም፣ ጋሼ» አለ ልጁ በሐዘኔታ፣ እንደ ፋርማሲ ሠራተኛ።

የጋሼ አገላለጽ ግን ከሁላችንም ይልቅ ወይኑ ውስጥ ነበር። አፍ የሚይዘው ነገር ታኒን ይባላል፤ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣ ሲሆን፣ ምራቅን ማለስለሻውን ነጥቆ ምላስን እንደ ሸራ ያደርጋል። ጥሬ ሙዝ የነከሰ፣ ያለ ስኳር የተረሳ ሻይ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቆዳ የሚለፋውም በዚሁ ነገር ነው፤ ስሙም ከዚያው ከቆዳ ማልፋት የመጣ ነው። አማርኛ ደግሞ ለጣዕሙም ለሽታውም ለዜማውም አንድ ቃል አስቀምጦልናል፤ ቃና። የገሊላዋ መንደርም ስሟ ቃና ነው። ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው የቋንቋ ሊቃውንት ይነጋገሩበት፤ እኔ በዚያች ማታ ዘመዳሞች ናቸው ብዬ ወስኛለሁ።

ተራው የኔ ሆነ። ጋሼ አንድ ነገር አግኝተዋል፤ እኔ፣ የተማርኩት፣ ባዶ እጄን ልቀር ነው። አፍንጫዬን ከተትኩ፤ ቆየሁ፤ አንድ ነገር መጣልኝ። ቀዝቃዛ፣ ጉሮሮ የሚከፍት፣ የማውቀው ነገር።

«ባህር ዛፍ» አልኩ።

ልጁ ከወንበሩ ሊነሳ ደረሰ። እውነት ነው አለ፤ ወይን እርሻው አጠገብ ባህር ዛፍ ካለ ዘይቱ በነፋስ ተነስቶ ፍሬው ልጣጭ ላይ ያርፋል፤ አውስትራሊያ ውስጥ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ካሊፎርኒያም ባህር ዛፍ ሞልቷል። «ይኼን ያገኘ ሰው በስንት አንዱ ነው!» ሲለኝ ትከሻዬ ሰፋ፤ ሰውነቴ ሞላ። ሌሎቹም መልሰው አሸተቱ፤ ሁሉም አገኙት። ወንድሜ «እኔማ ከመጀመሪያው ተሰምቶኝ ነበር» አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል የቤቱ ሊቅ እኔ ነበርኩ።

ኋላ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የጎረቤት ሴትዮ ምጣድ ጥደው እንጀራ ይጋግራሉ፤ የሚማግዱት የባህር ዛፍ ቅጠል ነው። ጭሱ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ በአክስቴ መስኮት ቀጥ ብሎ ይገባል። ጉለሌ ምሽት ላይ ምንም ነገር ብናሸት፣ ጋዜጣም ብናሸት፣ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይላል፤ በምኒልክ ዘመን ዛፉ ከመጣ ወዲህ የሰፈሩ ቃና ይኸው ነው። ተመልሼ ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም የምናገረው ልጁ ወደ አገሩ ስለተመለሰ ነው።

ደግሞም ብቻዬን አይደለሁም። በ2001 እ.ኤ.አ. ፍሬዴሪክ ብሮሼና ባልደረቦቹ ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ሙያ ተማሪዎችን አስቀምጠው የሠሩት ጥናት ታተመ። ነጭ ወይን ወስደው ጣዕም በሌለው ቀይ ቀለም አቀሉት፤ ተማሪዎቹም ለቀይ ወይን በሚነገረው ቋንቋ አወደሱት። የወይን አገር ልጅ፣ ትምህርቱ ወይን፣ በዓይኑ ሲያሸት ተገኘ። እኔ በአፍንጫዬ ነው የተሳሳትኩት፤ ቢያንስ ሽታው በእውነት ነበር። ይህን ሙከራ በዚያችው ማታ በዘመዶቼ ላይ ልሠራው አስቤ ነበር፤ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ መጀመሪያ የምወድቀው ራሴ መሆኔ ስለታየኝ ተውኩት።

ጠርሙሱ አለቀ። ቀጥሎ የሆነው በኔ ግፊት ነው። ቤቴ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ስለሆነ ሮጬ ሄጄ ከቡፌው ላይ ለሠርጋችን የተሰጠንን ቀይ ወይን ይዤ መጣሁ። አሥራ አራት ዓመት ቡፌው ላይ ቆሟል። ሚስቴ «እንጠጣው» ባለች ቁጥር «ሲቆይ ነው የሚጥመው» እያልኩ አቆይቼዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑን እየጣለበት ይሄዳል፤ ልጆቻችን አቧራውን እየጠረጉ አድገዋል። በአገራችን ቡፌ ላይ የቆመ ጠርሙስ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ቆይቷል። ለካ በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ ካልተጠጣ የሚሞት ነው፤ እንዲቆይ ተብሎ የሚሠራውም በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ጋደም ተደርጎ ነው። የኔው በከሰዓት ፀሐይ ትይዩ፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ፣ አሥራ አራት ክረምትና በጋ አሳልፏል።

ብሎኑም ፒንሳውም ሳያስፈልግ ቡሹ በጣት ገብቶ ወደቀ። ቀለሙ የሻይ ሆኗል። ልጁ ቀመሰ፤ ፊቱ ላይ ምንም እንዳይታይ ሲታገል አየሁት። «ኮምፕሌክስ ነው» አለ። ወንድሜ «ከባድ ነው» አለ። እኔ የባለቤት ነገር ሆኖብኝ «መጀመሪያ ላይ ይጎመዝዛል፣ ኋላ ግን...» ብዬ ኋላውን ፈለግኩት፤ ኋላም ይጎመዝዛል። በቃናው ሠርግ ላይ የድግሱ አሳዳሪ ሙሽራውን ያደነቀው፣ ሰው ሁሉ ጥሩውን ቀድሞ አቅርቦ መናኛውን ከስካር በኋላ ሲያመጣ፣ አንተ ግን መልካሙን አቆየህ ብሎ ነው። እኔ መናኛውን ነው ያቆየሁት፤ ለአሥራ አራት ዓመት።

አክስቴ አንድ ጊዜ ቀመሰች። ምንም አላለችም፤ በሰው ወይን ክፉ አይነገርም። ጠርሙሱን ይዛ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይታ ለጥብሱ አዋዜ ይዛ ወጣች፤ በዚያ ማታ ከቀረበው ሁሉ ያለ ማብራሪያ የተወደሰው እሱ ብቻ ነው። ሚስቴ በእንጀራ ጠቅሳ ቀመሰችና «ሠርጋችን ነው?» አለችኝ።

መጠጥ ጨርሰን ስንተያይ ታናሽ ወንድሜ ከሰፈሩ ግሮሰሪ ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ አንድ ጉደር፣ አንድ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ። ባለ ካሊፎርኒያው የአገር ውስጡን በጨዋ ደንብ ገሸሽ አደረገ። ጉደር ስሙን ከአምቦ ማዶ ካለው ወንዝ ያገኘ፣ በቤታችን ከፋሲካ እስከ ልቅሶ ሲያገለግል የኖረ ነው። የሚያወጣው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የሚመሩት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር፤ በ77ቱ ድርቅ ዘፋኞች አሰባስበው እህል የላኩልን ሰውዬ። ያኔ በስንዴ፣ ቀጥሎ በወይን መጡ። የዝዋዩን ያቋቋመው ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ነው፤ የወይን ተክሉን ከፈረንሳይ አምጥቶ እዚያው ዝዋይ ላይ የተከለ፣ የመጀመሪያ ጠርሙሱን በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበ። እርሻውን ከጉማሬና ከጅብ የሚከላከል ቦይ ዙሪያውን ተቆፍሮለታል። የቦርዶ ሰዎች በአሮጌ ግንብ ቤታቸው ይኮራሉ፤ ወይኑን ከጉማሬ ያስጣለ ግን ከመሀላቸው አንድም የለም። እንዲህ ያለ ነገር ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ቢጻፍ፣ ከብላክቤሪና ከዝግባ ሣጥን ይልቅ ለኔ ያጠጣኝ ነበር።

ጋሼ ጉደሩን ተቀበሉና «ኮካ የለም?» አሉ።

ልጁ ደነገጠ። እስካሁን ብሎኑን ችሏል፤ ማጥለያውን ችሏል፤ ይህን ግን መቻል አልሆነለትም። «ጋሼ፣ ወይን በኮካ? ይኼ እኮ ወንጀል ነው!»

እዚህ ላይ እኔ ጋሼን ረዳሁ። ባስኮች፣ የስፔን ሰሜን ሰዎች፣ ይህንኑ ቅልቅል ካሊሞቾ ብለው ስም አውጥተው በየበዓሉ ይጠጡታል። በ1972 እ.ኤ.አ. አልጎርታ በምትባል የወደብ መንደር ለበዓል የገዙት ወይን ተበላሽቶባቸው፣ ከሚደፉት በኮካ ሸፍነው ሸጡት፤ ከዚያ ወዲህ ባህል ነው ይላሉ። አውሮፓዊ ከሆነ ወንጀል አይሆንም ማለት ነው። ልጁ ትንሽ አሰበ። «ካሊሞቾ?» አለ። ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ የራሱን ብርጭቆ ወደ ኮካው አስጠጋ። አክስቴ «አሁን ደግሞ ስንት ነገር ተቀላቀለ?» ብላ ጠየቀች፤ የመለሰላት የለም። እሷ ራሷ ከመጀመሪያው ብርጭቆዋ በላይ አልቀመሰችም። ለሷ ወይን ማለት ለቤተ ክርስቲያን በስለት የምታስገባው ዘቢብ ነው፤ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቅዳሴ የሚቀርበው፤ ሌላው ሁሉ መጠጥ ነው።

ልጁ በሳምንቱ ሄደ። ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ስጠብቅ አክስቴን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስትመለስ አገኘኋት። በነጠላዋ ሥር የያዘችውን አወቅኩት። ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ደንዳና፣ አፉ በፌስታል የታሰረ። ውስጡ ጠበል ነው። መለያው አልተላጠም፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ፣ የሦስቱ ወይን ስም፣ 15 በመቶው ሁሉ በቦታው አለ።

«እትዬ፣ ይኼን ጠርሙስ አልጣልሽውም?»

«ለምን እጥለዋለሁ?» አለች፣ በጥፍሯ ኳ ኳ እያደረገች። «ወፍራም ነው እኮ። ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቆ አልተሰበረም።»